ጠጥቻለሁ ያለችው አህያ

ተረት ተረት፤ "የመሠረት" ለማለት የሰነፈ ጆሮውን ይድፈን።

በአንድ አሸዋማ በረሃ፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ግመልና አህያ ጨው ተጭነው ሲያልፉ ኤሊ ከአንዲት ግራር ስር ሆና አየቻቸው። የአህያዋ ከንፈር ተሰነጣጥቆ እግሯ እየተሳሰረ ነበር።

"እትዬ አህያ፣ ነይ እንጂ ጥላው ስር አረፍ በይ፤ ቅል ሙሉ ውሃ አለኝ" አለቻት።

አህያዋ ውስጧ ተቃጥሏል፤ ግን "በሞቴ" ሳይሏት መቀበል ነውር መሰላት። እንዲህ ያለች እኛም ሰፈር አለች፣ ስሟን አልጠራም። "ኧረ አትቸገሪ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት" አለች።

"የት? የሦስት ቀን መንገድ ቢኬድ ጉድጓድ የለ! ውሸታም!" ብላ ኤሊ ጮኸች።

ግመል አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "ተያት፤ እኔ ስንት ቀን ሳልጠጣ እሄድ የለ?" ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ አህያዋ ከነጭነቷ ተዘረረች።

ኤሊ በንዴት እየተጣደፈች ደረሰች። "አንተ ሻኛህን ተሸክመህ የእሷን ጥም ትለካለህ? ጭነቷን አውርድ! ወደ ጥላው ጎትታት! አንገቷን አርጥብላት!"

ግመል አፍሮ እንደታዘዘው አደረገ፤ ከዚያ ቅሉን ወደ አፏ አስጠጋ። አህያዋ በጭንቅ ዓይኗን ገለጠችና ኤሊን፣ "መጀመሪያ... አንቺ ቅመሺ" አለቻት።

ያን ጊዜ ኤሊ ጆሮዋን ግጥም አድርጋ ነከሰቻት። አህያዋ "ዋይ!" ብላ አፏን ስትከፍት ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ገባላት።

ተረቴን ጨረስኩ፤ አፌን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱልኝ።