እትዬ ትርንጎ ጎሪላ ልታይ ስትነሳ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ሳል ያለበት ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ።

ደሴ ውስጥ እትዬ ትርንጎ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። ዓይኗ እየጠፋ ነበር። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ጨለማው ከዳር ዳር እየበላ ይመጣል፣ መሃል ሲደርስ በቃ። አሁን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ የሚያዩትን ያህል ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ሰው ከንፈሩን ሲመጥጥላት መስማት ሞቷ ነው።

ታዲያ ሳይጨልምባት አንድ ነገር አማራት፤ ጎሪላ ማየት። የታጎረውን አይደለም፣ ተራራ ላይ ጫካ ውስጥ የሚኖረውን። ሌላው ቢጨንቀው ጠበል ይሄዳል፣ እሷ ጎሪላ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። እሷ ግን ምክንያት ነበራት። “ሰው የሚመስል፣ ግን አይቶኝ የማያዝንልኝ ፊት አንዴ ልይ” ትል ነበር ለራሷ።

ሰይፈ የሚባል አስጎብኚ አለ፤ ሰው እየሰበሰበ ኡጋንዳ ተራራ ላይ ጎሪላ ያሳያል። ጠራችው፣ መጣ፣ ተስማሙ። ጉዞው ነሐሴ ላይ ነው። ልትሸኘው ስትነሳ ሳል ያዛት፣ አላስቆም አላት።

“እትዬ፣ እንዲህ ሆነውማ አልወስድዎትም” አለ ሰይፈ። “የእኛ ጉንፋን ለጎሪላ መቅሰፍት ነው። እኛን ጥቂት ቀን አስተኝቶ የሚለቀን፣ እሱን ይገድለዋል። እኔ ብወስድዎት እንኳ ተራራው ስር ጠባቂዎቹ ይመልሱዎታል። ለከርሞ ይደርሳሉ፣ ምን ችግር አለ?”

ከርሞ ለትርንጎ ጨለማ ነው። ግን አልነገረችውም። በሩን ዘጋችና ከሳሏ ጋር ተፋጠጠች።

“አንተ ሳል፣ ልቀቀኝ። አንተ ካልለቀቅከኝ ሰይፈ አይወስደኝም፣ ጎሪላም አላይም።”

“አልለቅም” አለ ሳሉ። “ግድግዳሽ እርጥብ ነው፣ ሻጋታው ይመቸኛል። መጀመሪያ እሱን አድርቂ።”

ወደ ግድግዳው ዞረች። “አንተ ግድግዳ፣ ድረቅልኝ። አንተ ካልደረቅህ ሳሉ አይለቅም፣ ሳሉ ካልለቀቀ ሰይፈ አይወስድም።”

“አልደርቅም” አለ ግድግዳው። “ቆርቆሮው ቀን ከሌት እያንጠባጠበብኝ በምን አንጀቴ ልድረቅ? እሱን ተናገሪው።”

አንጋጠጠች። “አንተ ቆርቆሮ፣ ዝናቡን አግድልኝ። አንተ ካላገድህ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ሳሉ አይለቅም፣ ሳሉ ካልለቀቀ ሰይፈ አይወስድም።”

“አላግድም” አለ ቆርቆሮው። “ሚስማሬ ወልቋል፣ ዝገት በልቶኛል። ይመርን ጥሪልኝና ይምታኝ፤ እሱ እስኪመጣ ውሃው በቀዳዳዬ እንዳሻው ይሂድ።”

ይመር የሰፈሩ አናጢ ነው፤ ያልመታው ጣሪያ የለም። በጭቃው እየተንሸራተተች፣ አጥር እየዳበሰች ቤቱ ሄደች። “ይመር ወንድሜ፣ ጣሪያ ላይ ውጣልኝ። አንተ ካልወጣህ ቆርቆሮው አያግድም፣ ቆርቆሮው ካላገደ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ሳሉ አይለቅም፣ ሳሉ ካልለቀቀ ሰይፈ አይወስድም።”

“አልወጣም” አለ ይመር። “በምን ልውጣ? መሰላሌ ተሰብሯል፤ እኔም ጎኔን ተጎድቼ ነው የተነሳሁት። እዚህ ሰፈር ሰው የሚሸከም መሰላል ያለው እንድሪስ ቤት ብቻ ነው። ሉባባን ጠይቂ።”

ሉባባ ሲባል ትርንጎ ወደኋላ አለች። እንድሪስ ቀለም ቀቢ ነበር፣ ሉባባ ሚስቱ፤ ከትርንጎ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እንድሪስ የሞተው ሚያዝያ ላይ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ፣ ሩቅ ያለው ሁሉ መጣ። ትርንጎ ግን በሯን ዘግታ ዋለች፤ በማግስቱም አልመጣች፣ በሳልስቱም አልመጣች። ጎረቤት ለቅሶ አለመድረስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲህ ሉባባ ስታልፍ ሰላም አትላትም።

ምን ታድርግ? ሄደች። መሰላሉ እንድሪስ ባስደገፈበት ቦታ፣ ቀለም እንደተንጠባጠበበት ቆሟል። “ሉባባ እህቴ፣ መሰላሉን ስጪኝ። አንቺ ካልሰጠሽኝ ይመር አይወጣም፣ ይመር ካልወጣ ቆርቆሮው አያግድም፣ ቆርቆሮው ካላገደ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ሳሉ አይለቅም፣ ሳሉ ካልለቀቀ ሰይፈ አይወስድም።”

“አልሰጥም” አለች ሉባባ። “መሰላሉ ባለቤት ነበረው። ባለቤቱ ሲሞት የሩቅ ሰው አልቅሶለታል፤ በግድግዳ የምንደማመጠው ሰው ግን አላለቀሰለትም። ካማረሽ ግቢና ቁጭ በይ። አልቅሺለትና ውሰጂ።”

ትርንጎ ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሆዷ፣ ዓይኗን ለመነችው። “አንተ ዓይን፣ አልቅስልኝ። አንተ ካላለቀስህ ሉባባ አትሰጥም፣ ሉባባ ካልሰጠች ይመር አይወጣም፣ ይመር ካልወጣ ቆርቆሮው አያግድም፣ ቆርቆሮው ካላገደ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ሳሉ አይለቅም፣ ሳሉ ካልለቀቀ ሰይፈ አይወስድም፣ ሰይፈ ካልወሰደ አንተም ጎሪላ አታይም።”

“አላለቅስም” አለ ዓይኗ። “እኔው ራሴ እየሞትኩ ነው። ለእኔ ማን አለቀሰ? መሞቴን ለሰው እንኳ አልተናገርሽም።”

ይኸው እንግዲህ! ዓይኗ አላለቅስም አለ፣ ሉባባ አልሰጥም አለች፣ ይመር አልወጣም አለ፣ ቆርቆሮው አላግድም አለ፣ ግድግዳው አልደርቅም አለ፣ ሳሉ አልለቅም አለ፣ ሰይፈ አልወስድም አለ። እስካሁን አንዱ ወደ አንዱ ሲልካት ነበር። ዓይን ግን ወደ ማን ይልካል? ከእሱ ወዲያ ያለችው ራሷ ትርንጎ ናት።

ሉባባ ደረቅ ፊቷን አይታ ተቆጣች። “ለመሰላል ብለሽ እንኳ እንባ አጣሽ?”

“ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ ሉባባ” አለች ትርንጎ። “የተነገረኝ እንድሪስ የሞተ ቀን ነው። ከሐኪም ቤት ስመጣ ድንኳኑን አየሁት። ሰው መሃል ብገባ ለእሱ ሳይሆን ለራሴ የማለቅስ መሰለኝና አፈርኩ። ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ ወጥቶኝ አያውቅም።”

ሉባባ ከንፈሯን አልመጠጠችም። መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። “ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?” አለችና አለቀሰች። ለትርንጎ ዓይን መጀመሪያ ያለቀሰችው እሷ ናት።

የትርንጎም ዓይን ይሄን ሲያይ አለቀሰ። ለራሱ አለቀሰ፣ ለእንድሪስም አለቀሰ፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ “እንዴት አደርሽ እትዬ” ይላት ለነበረ ለዚያ ደግ ሰው። “እግዜር ያጥናሽ” አለች ትርንጎ፣ ወራት ዘግይታ። “አሚን” አለች ሉባባ።

ዓይኗ አለቀሰ፤ ሉባባ መሰላሉን ሰጠች። ሉባባ ሰጠች፤ ይመር ወጣ። ይመር ወጣ፤ ቆርቆሮው አገደ። ቆርቆሮው አገደ፤ ግድግዳው ቀስ እያለ ደረቀ። ግድግዳው ደረቀ፤ ሳሉ እያጉረመረመ ለቀቀ። ሳሉ ለቀቀ፤ ሰይፈ ወሰዳት።

ግድግዳው እስኪደርቅ፣ ሳሉ እስኪለቅ ግን ጊዜ ሄዶባት ነበር። ተራራው ላይ ስትደርስ ያ ቀዳዳ ጠቦ የመርፌ ዓይን አክሏል። ሰይፈ ነገሩ የገባው በየሥሩ ስትደናቀፍ አይቶ ነው፤ እጇን ይዞ አወጣት። ከቁጥቋጦ ስር አንዲት እናት ጎሪላ ተቀምጣ ቅጠል ትበላለች። ሌላው ሰው አንዴ አይቶ ጨረሰ። ትርንጎ ጭንቅላቷን በቀስታ እያዞረች መጀመሪያ ጣት አየች፣ ከዚያ ጥፍር፣ ከዚያ ፀጉር፣ እንደገና ፀጉር፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ቡናማ ዓይን። እሱ ላይ ቆመች። የተፈቀደው ሰዓት አለቀና ውረዱ ተባሉ።

ደሴ ስትገባ ሉባባ በር ላይ ጠበቀቻት። ትርንጎ በድምጿ ነው ያወቀቻት።

“እህሳ፣ አየሻት?”

“እኔ በቁራጭ በቁራጭ አየኋት። እሷ ግን ሙሉዬን አየችኝ። አየችኝና ቅጠሏን መብላት ቀጠለች።”

“በቃሽ ታዲያ?”

“አልበቃኝም” አለች ትርንጎ።

ሉባባ አይዞሽ አላለቻትም። ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻትና፣ “እኔም እንድሪስ አልበቃኝም” አለቻት። ከዚህ ወዲያ የምቀጥለው የለኝም።