የለቅሶ ተወካይ

አንድ ቀን፣ ደሴ ላይ፣ ሁሉ ነገር የተሳካለት አንድ ሰው የዕድር ዳኛ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ተነሣ።

ሰውየው ልዑልሰገድ ይባላል። ሥራው ስኬት ነው። ሌላው ሰው ጨርቅ ነግዶ ወይ ወፍጮ ተክሎ ሲሳካለት ነው የሚታወቀው፤ ልዑልሰገድ ግን ዳር ዳሩን ሳይዞር ስኬትን ራሱን በችርቻሮ ይሸጣል። የሆቴል አዳራሽ ይከራያል፣ ደጃፉ ላይ ፎቶውን ያሰቅላል፣ ማይክራፎኑን ጆሮው ላይ ያንጠለጥልና «እያንዳንዳችሁ ውስጥ የተኛ አንበሳ አለ» ይላል። ሕዝቡ የተኛ አንበሳውን ይዞ ይገባል፤ ጭብጨባው ሲያልቅ አንበሳውን እንደተኛ ይዞት ይወጣል። አንበሳው ባይነቃም የልዑልሰገድ ፎቅ ግን ከዓመት ዓመት ከፍ ይል ነበር።

ከሚያስተምረው ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት ቃል አለችው፤ «ስኬታማ ሰው አይሄድም፤ ይልካል» የምትል። ሌላ ሰው ሊሠራልህ የሚችለውን ነገር ራስህ አትሥራ፣ ጊዜህን በየሰው ደጅ አትዝራ ነው ነገሩ። የሚያስተምረውን የማይኖር አስተማሪ ሞልቷል። ልዑልሰገድ ግን፣ ሐሰት መናገር ነውር ነውና፣ ቃሉን በሥራ ላይ ያውል ነበር። መጀመሪያ የላከው ሰው ዘበኛው ደምሌ ነው፤ የላከውም ለቅሶ ነው።

ሠፈሩ ዕድር አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ሆኖ የሚቀባበርበት፣ የልዑልሰገድ አባት ባሻ ወርቅነህ አቋቁመው እስኪሞቱ ድረስ በዳኝነት የመሩት ዕድር ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ አባሉ ነቅሎ ይወጣል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ደንቡ ግን ርኅራኄ አለው፤ የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ሰው ተወካይ ቢልክ እንደተገኘ ይቆጠርለታል። ልዑልሰገድ ይህቺን የተወካይ ነገር የሰማ ዕለት ለሱ ተብላ የተጻፈች መሰለችው። አልታመመም፣ መንገድም አልሄደም፤ ግን ተሳክቶለታል፤ ከዚህ የባሰ ምን ምክንያት ይምጣ?

ደምሌን አስከትሎ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ የሠፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከመቀሳቸው ያመለጠ ከምላሳቸው አያመልጥም ይባላል።

«ለዚህ ሰው ጥሩ ጥቁር ኮት ይስፉለት» አላቸው።

«ምነው፣ ማን ሞተበት?»

«እሱ ማንም አልሞተበትም። የሚያለቅሰው በኔ ስም ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና አንዴ ጌታውን አንዴ ዘበኛውን አዩ። «ሐዘኑ ያንተ ከሆነ ልኩን የማን ላድርገው?»

«የሱን ያድርጉት እንጂ ጋሽ እንድሪስ፤ ለባሹ እሱ አይደል?»

«እሺ ጌታው» አሉና የደምሌን ትከሻ መለካት ጀመሩ። የሚሉት ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ሰፊ መጀመሪያ ይለካል።

ከዚያ ወዲያ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ልዑልሰገድ መስኮቱን ይዘጋል፣ ደምሌ ኮቱን ይለብሳል። ቀብር ላይ «ልዑልሰገድ ወርቅነህ» ተብሎ ሲጠራ «አለሁ» የሚለው ደምሌ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው አፉን በነጠላ ይዞ ይስቅ ነበር፤ ኋላ ለመደው።

የደምሌ ችግሩ ውክልና አለማወቁ ነው። የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ስሙ እንደተጠራ ሹልክ ብሎ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ከሄድኩ አይቀር ብሎ አስከሬን ይሸከማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሠልስቱ እስኪያልፍ ሐዘንተኛ ቤት ይመላለሳል። እንባ ሲመጣበት በኔ ስም ነው በጌታዬ ስም ብሎ አይጠይቅም፤ ያለቅሳል። የጋሽ እንድሪስ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ያረፉ ጊዜም ጀናዛውን ተሸክሞ ሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን እህል አልወርድ ባላቸው ሰሞን፣ ምሳ ሰዓት እየመጣ ሽሯቸውን አብሯቸው ይበላ ነበር።

«አንተ፣ ይሄም ደንቡ ላይ አለ?» አሉት አንድ ቀን።

«እንጃ እኔ። ጌታዬ በደንብ ወክለኝ ብለውኛል» አለ ደምሌ፣ ጎንበስ ብሎ እየጎረሰ።

ጋሽ እንድሪስ ሳቃቸው አመለጣቸው። እትዬ ዘይነባ ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ከሳቁ በኋላም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ልዑልሰገድ ግን ነገሩ እንዲህ ሲሳካለት እጁ ተፈታ። ሠርግ ሲጠራ ደምሌን ይልካል። አራስ ጥየቃ ደምሌን፣ ታማሚ ጥየቃ ደምሌን። ኋላማ ለገዛ እናቱ ለእትዬ የሺመቤትም በዓል በመጣ ቁጥር «እንኳን አደረሰዎ በልልኝ» ብሎ ደምሌን ይልክ ጀመር። እትዬ የሺመቤት ሩቅ አገር የሚኖሩ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው ግቢ፣ ከፎቁ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው ያሉት። ደምሌ ያንንም እንደ ልማዱ አበላሸው፤ እንኳን አደረሰዎ ብሎ መውጣት ሲገባው ቁጭ ብሎ ያጫውታቸው ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን ልዑልሰገድ የሚጎድለው ነገር ያለ አልመሰለውም። የመጨረሻው ፎቅ ያለቀ ዕለት ብቻ እናቱን ደግፎ ሰገነቱ ላይ አወጣቸውና ከተማውን በእጁ እያሳያቸው «እማዬ፣ እንግዲህ ተሳካልኝ አይደል?» አላቸው።

እትዬ የሺመቤት ሰገነቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ቤቱስ አምሯል ልጄ። አባትህ ያችን የቆርቆሮ ቤት እንኳ ሳይጨርስ ነው የሞተ። ግን ሰው ሲጣላ ‹ባሻ ዘንድ እንሂድ› ይል ነበር፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የሱ በር ነበር። አንተ ዘንድ እንሂድ የሚል ሰው እስተዛሬ በጆሮዬ አልሰማሁም። ባባትህ ወንበር ላይ አይቼህ ባርፍ ግን ደስ ይለኝ ነበር» አሉት። ንግግራቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱም ነው የባሰው።

ልዑልሰገድን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣው። ስንቱን አዳራሽ ያስጨበጨበ ሰው አንዲት አሮጊት ማስጨብጨብ አቅቶት ይቅር? እንደ ዕድል ሆኖ ያን ሰሞን የዕድሩ ዳኛ እርጅና ተጫጭኗቸው በቃኝ አሉ፤ ለእሑድ ምርጫ ተጠራ። ሌላ የሚወዳደር አልተገኘም። ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ከአልጋ የሚያስነሣ ሹመት ማን ይሻማል?

እሑድ ልዑልሰገድ ራሱ መጣ። እናቱን በመኪና ጭኖ፣ በየአዳራሹ የሚለብሰውን የስኬት ሱፉን ለብሶ፣ ደምሌን ከኋላ አስከትሎ ወደ ዕድሩ ድንኳን ገባ። ጥሩንባ ነፊው ከበር ላይ አስቆመውና «ማንን ፈልገው ነው ጌታው?» አለው። ወዲያው ከጀርባው ያለውን ደምሌን ሲያይ ፊቱ በራና «ውይ፣ ከልዑልሰገድ ጋር ነዎት ለካ፤ ይግቡ ይግቡ» አለ። ልዑልሰገድ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን እናቱ አጠገቡ ስለነበሩ ዋጥ አደረገው።

እንዲናገር ሲጋበዝ እንደ አዳራሹ ተናገረ። ዕድራችን የተኛ አንበሳ ነው አለ። ራዕይ የለውም አለ። «እኔን ብትመርጡ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከደሴ ዕድሮች ሁሉ በቀብር ብዛት አንደኛ እናደርገዋለን» ብሎ እጁን ወደ ላይ ወረወረና ጭብጨባ ጠበቀ።

አንዲት እናት «ኧረ እግዜር ያርቅልን» ሲሉ ተሰሙ።

አስመራጩ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ቀስ ብለው ተነሡና «ልዑሌ፣ ንግግርህ ያማረ ነው። ደንባችን ግን ዳኛ የሚሆን ሰው ከለቅሶ የማይቀር፣ ባዘንን ጊዜ አብሮን የሚቆም ይሁን ይላል። ባባትህም ጊዜ እንዲሁ ነበር። እዚህ ካለነው ውስጥ አንተን ለቅሶ ላይ ያየህ ሰው እኔ አላውቅም። ለዚህ ምን ትላለህ?» አሉት።

ልዑልሰገድ ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው ነበር። ፈገግ አለ፤ ሰው ሁሉ ያፍራል ብሎ ሲጠብቀው ፈገግ የሚል ሰው ያሸንፋል ብሎ ራሱ ነው ያስተማረው። ዞር አለና ጥሩንባ ነፊውን «አንተ ነህ ስም የምትጠራው። ስሜ ተጠርቶ ‹አለሁ› ሳይባል የቀረበት ቀን አለ?» አለው።

ጥሩንባ ነፊው አሰበ። «የለም። እውነት ለመናገር አንድም ቀን የለም።»

«ሰማችሁ» አለ ልዑልሰገድ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ደንቡ ተወካይ ይፈቀዳል ይላል። ተወካይ ማለት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ማለት ነው። ደምሌ የተሸከመው እኔ የተሸከምኩት ነው፤ ደምሌ ያለቀሰው እኔ ያለቀስኩት ነው። እንግዲህ ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎም ባለቤትዎ ሲያርፉ ያጽናናሁዎ እኔ ነኝ ማለት ነው። ይክዱኛል?»

ጋሽ እንድሪስ ትንሽ አቀረቀሩ። የዘይነባ ነገር በዚህ ዓይነት አፍ ሲነሣ አንጀታቸውን ነክቷቸው ነበር። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ያች የሰፊ እርጋታ ነበረች።

«አልክድህም» አሉት። «ወላሂ፣ ልክ ነህ። እንዳልሳሳት ብቻ ሰው እየሰማ ንገረኝ። ደምሌ ማለት አንተ ነህ?»

«በደንቡ መሠረት እኔ ነኝ።»

«አንተም ማለት ደምሌ ነህ?»

«ስንቴ ልንገርዎ ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ነን።»

«በቃ፣ ይሄን ነበር የፈለግሁት።» ወደ ሕዝቡ ዞሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሠፈሩ ሰው ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነገር እንዳለ ያውቃል። «ጀመዓ፣ ሰምታችኋል። እንግዲህ ልዑልሰገድ ወርቅነህ ዳኛችን ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ።»

እጅ ያላወጣ አልነበረም። ሕፃን የታቀፉት እንኳ በአንድ እጃቸው አቅፈው በአንድ እጃቸው አወጡ። ልዑልሰገድ ይህን ሁሉ እጅ ሲያይ የምሩን ሆዱ ባባ። በሕይወቱ ሙሉ ማይክራፎን ሳያደርግ ይህን ያህል እጅ አይቶ አያውቅም። ኮቱን ቆለፈ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ ወደ አባቱ ወንበር አንድ እርምጃ ተራመደ።

«እንኳን ደስ ያለህ ልዑሌ፣ ተመርጠሃል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ከዚያ በሱ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ኋላ ተጣሩ። «ደምሌ፣ ና ልጄ፣ ወንበርህን ያዝ።»

ልዑልሰገድ የቆመበት ቀረ። «እንዴ፣ እኔ እዚህ ቆሜ?»

«ምን አስቸኮለህ? ባዘንን ጊዜ በሱ እግር መጣህ፤ ዛሬ ደግሞ በሱ መቀመጫ ትቀመጣለህ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ደምሌ አልሄድም ብሎ ቢንገራገርም ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው፣ ከነጥቁር ኮቱ፣ በባሻ ወርቅነህ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ልዑልሰገድ ዙሪያውን አየ፤ የሚይዘው ነገር ሲያጣ የመጣለትን ተናገረ።

«ይሄ ሰው እኮ ዘበኛዬ ነው። እዚህ ተቀምጦ ሲዳኝ የኔን በር ማን ሊጠብቅ ነው?»

«አብሽር፣ እሱ ቀላል ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አንተ ወክለው።»

ልዑልሰገድ የመጨረሻ ተስፋው እናቱ ነበሩና ወደሳቸው ዞረ። እትዬ የሺመቤት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እልልታውን ያቀልጡታል።

«እማዬ፣ እርስዎም?» አላቸው።

«ምነው ልጄ» አሉት ዓይናቸውን ከወንበሩ ላይ ሳይነቅሉ፤ «ይኸው ባባትህ ወንበር ላይ አየሁህ አይደል?»