ጫማ ጠባቂውና አስጎብኚዋ

አንዲት አስጎብኚ ነበረች፤ ትርንጎ ይሏታል። ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ለባሕር ማዶ እንግዶች በሦስት ቋንቋ ስታስረዳ አንደበቷ ማር ነበር። በራሷ ጉዳይ ግን ዓይነ አፋር ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማ የሚጠብቀውን ፈንታውን ከወደደችው ዓመታት ቢያልፉም፣ ከ«እግዜር ይስጥልኝ» ሌላ ቃል አልወጣትም።

የፈንታው ሥራ እንግዶቹ በአንዱ በር አውልቀው ሲገቡ፣ ጫማቸውን ሰብስቦ መውጫው በር ላይ መደርደር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ መጣ። አውሮፕላን ቆመ፤ ሆቴሎች ተዘጉ፤ በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጠ። ትርንጎ ግን የምታስጎበኘው ሰው ባይኖርም ማለዳ ማለዳ ከደጁ አልቀረችም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስጎበኚ ነው?» አላት ፈንታው።

«ልሳለም ነዋ።»

«ጽድቁን ብቻሽን ልትጨርሺው ነው። በይ ለእኔም ጸልዪልኝ። በአንድ ሰው ጫማ አይኖርም፤ ነገ ቆላ ወርጄ ሰሊጥ አጨዳ እገባለሁ።»

ትርንጎ ክው አለች። ቆላ ወርደው የቀሩትን ታውቃለች። ገብታ ልትጸልይ ብትሞክር አልሆነላትም። ስትወጣ ጫማዋ መውጫው በር ላይ ነበር፤ እሷ ግን በባዶ እግሯ ቆመች።

«ምነው፣ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የምነግርህ አለኝ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

«እኔ እኮ እንግሊዝኛ አልሰማም።»

«ለዚያ ነው የሚቀለኝ።» መሬት መሬቱን እያየች ቀጠለች። «ከዚህ ደጅ የማልጠፋው ለመሳለም ብቻ አይደለም። አንተንም ለማየት ነው። ከድሮ ጀምሮ።»

ፈንታው ጎንበስ ብሎ ጫማዋን አነሣና እግሯ ሥር አኖረላት።

«ያንቺን ጫማ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የማመጣው ለምን ይመስልሻል?» አላት። «ትንሽ እንድትቆዪ ብዬ ነው። አንቺ የተማርሽ፣ እኔ የደጅ ሰው፤ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ቆላ መውረዱ አልቀረም፤ ራብ የፍቅርን ልመና አይሰማም። ነገር ግን መንገድ ከመጀመሩ በፊት ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። ስለዚህ የሄደው እንደሚጠበቅ ሰው ነው።

ወረርሽኙ በጎ ነበር የሚል የለም፤ የስንቱን ቤት አጨልሟል። ትርንጎን ያስተማራት ግን አንድ ነገር አለ። እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ደጃችን ላይ የሚውለውን ሰው ግን ሁልጊዜ የምናገኘው እየመሰለን ቃላችንን እናሳድርበታለን። ለመንገደኛ ያልሰሰትነውን መልካም ቃል ለቅርባችን ሰው ስለ ምን እንሰስታለን?

እርስዎስ፣ ነገ ቢሄድ «ምነው በነገርኩት» የሚሉት ማን አለ?