እጅ ስር ያለችው ካንዴላ

ይህን ተረት ለማውራት አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ግድ ነው። ስንትና ስንት ቁም ነገር በሞላበት አገር ስለ አንዲት ካንዴላ አፍ መክፈት ነውር መሆኑ አይጠፋም። ሽማግሌዎች ይቅር ይበሉ፤ ስብሰባ ያለባቸውም ስብሰባቸው አይታጎልባቸው። ተረቱ ስለ ዕቃ እንጂ ስለ ሰው አይደለም። ስለ ሰው የመሰለው ቢኖር ዓይኑን ይታከም።

እንግዲህ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ይዋስ። ሞተር እንደ ሰው በሚያኮርፍበት፣ ዕቃም እንደ ሰው ስብሰባ በሚቀመጥበት ዘመን፣ በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ቀይ መኪና ትኖር ነበር። ስሟ ቀዮ ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ፣ በወጣትነቷ ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ በእርጅናዋ ግን ከግቢው በር ጋር ብቻ የምትፋጠጥ መኪና ነበረች።

ባለቤቷ ጋሽ ይርጋ ይባላሉ። የዕድሜ ልክ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መቀመጥ አልሆነላቸውም። በጧት ተነስተው ቀዮን ይዞሯታል፤ ጎማዋን በእግራቸው ይነካሉ፤ ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይነካሉ።

አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ቢያዞሩት ቀዮ፣ «እህ… እህ… እህ…» አለችና ዝም አለች። ደገሙት። «እህ… እህ…» ሠለሱት። «እ…»

ባለቤታቸው እትዬ በለጡ ከበረንዳው ሆነው፣ «ዛሬም አኮረፈች?» አሉ።

«አላኮረፈችም። እያሰበች ነው።»

«ታስብ! ለምንታምር ሠርግ ካልደረሰች ግን ቁራሌው በበራችን ሲያልፍ የምጠራው እኔው ነኝ። ይህ ግቢ ድንኳን ይተከልበታል እንጂ ብረት አይቀበርበትም።»

ምንታምር የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ጋሽ ይርጋም ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ፣ «አንቺን ወደ ሠርግሽ የማደርስሽ በቀዮ ነው» እያሉ ሲምሉ ኖረዋል። ሠርጉ ደግሞ እየሮጠ መጣ።

ጋሽ ይርጋ ኮፈኑን ከፈቱት። ከሞተሩ ራስ ላይ አራት እህትማማች ካንዴላዎች ተተክለዋል። ካንዴላ ማለት ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ቤንዚኑን በብልጭታዋ የምታቀጣጥል ፍጥረት ናት። ሦስቱ ከሽቦና ከቧንቧ ኋላ የተሸሸጉ ናቸው፤ እነሱን የፈለገ ክርኑን ይልጣል። አንደኛዋ ግን ፊት ለፊት፣ እጅ ስር ናት። ስለዚህ ቀዮ ባነጠሰች ቁጥር ጋሽ ይርጋ የሚይዙት እሷን ነው።

«ይህቺ ናት!» አሉ። ፈቷት። በብርጭቆ ወረቀት ፈተጓት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ይፈትሹኝ እንጂ አይፈትጉኝ!» አለች ካንዴላ። የዕቃ ጩኸት ግን በሰው ጆሮ ሲጥ ሲጥ ነው። መልሰው ተከሏት። ቁልፉን አዞሩ። «እህ… እህ… እ…»

«ለሚመጣው ቅዳሜ ካልተስተካከልሽ ወዮልሽ!» ብለው በጣታቸው አስፈራሯት።

ቀትር ሆነ። ድሬዳዋ ሙቀቱን ሸሽታ ተኛች። ሰው ሲተኛ ዕቃ ይነቃል፤ የቀዮ ዕቃዎችም ስብሰባ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጌጅ ነበር። ጌጅ ማለት ከመሪው ኋላ በመስታወት ቤት ተቀምጦ፣ በአንዲት ቀጭን ቀስት የቤንዚኑን ልክ ለጌታው የሚያሳይ ነው። ከጌታው ጋር ፊት ለፊት ስለሚተያይ በዕቃዎቹ ዘንድ ትልቅ ክብር ነበረው።

«ስብሰባው ተከፍቷል» አለ ጌጅ። «ቤንዚን ግማሽ አለ። ስለዚህ ቤንዚን የሚባል አጀንዳ የለንም። ወደ ሂስና ግለ ሂስ እንለፍ።»

ባትሪ ተነሳ። ድምፁ ሰልሏል። «እኔ እስኪደክመኝ ገፍቻለሁ። ጥፋቴ ከልክ በላይ መሥራቴ ነው» አለ። ተጨበጨበለት።

ቦቢና ተነሳ። «እኔ ለካንዴላ እሳት አቀብላለሁ። ጥፋቴ ጥፋት ማጣቴ ነው» አለ። ለእሱም ተጨበጨበ።

ካንዴላ ተነሳች። «ወገኖቼ፣ እሳቱስ አለኝ፤ የሚነድ ነገር ግን አይደርሰኝም። ይኸው እዩኝ፣ ደርቄ ነው የምወጣው። ቤንዚን ቢመጣ ኖሮ እርስ ነበር፣ እሸት ነበር። እባካችሁ ሰልባትዮን ጠይቁልኝ» አለች።

ሰልባትዮ ከመኪናይቱ ኋላ የሚኖር፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሆዳም ሽማግሌ ነው። ሆዳም የተባለው በስፋቱ ነው እንጂ በጠባዩስ ጨዋ ነበር፤ «በላህ?» ሲሉት «ጠግቤያለሁ» ማለት ተምሮ ያደገ።

«ሰልባትዮ!» አለ ጌጅ። «በልተሃል?»

«ጠግቤያለሁ! ተመስገን!» አለ ሰልባትዮ ከኋላ።

«ይኸው!» አለ ስብሰባው በአንድ ድምፅ። ጎማዎቹም ተስማሙ። ጎማ መቼም ወዳዞሩት የሚዞር ነው።

«ካንዴላ ደረቅ መሆኗን በገዛ አፏ አምናለች» አለ ጌጅ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዋ ይሁን።»

ያ ስብሰባ እንዲህ ነበር፤ የሚወስነው ሁልጊዜ ጌታው ቀድመው የወሰኑትን ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። ድንኳን ተካዮች ግቢውን እየለኩ፣ «ጋሽ ይርጋ፣ ይህቺ መኪና ትነሳለች ወይስ በላይዋ እንትከል?» ይላሉ። ጋሽ ይርጋ ላብ በላብ ሆነዋል። ካንዴላን ፈቷት፤ በፒንሳ ይዘው ቡታጋዝ ላይ ለበለቧት፤ እንድትበርድ ከቀዮ የኋላ ክዳን ላይ አስቀምጠዋት እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ካንዴላም አለቀሰች። ከመቀመጫው ስፖንጅ ውስጥ ቤቷን የሠራች አይጥ ብቅ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቁራሌው ሊወስደኝ ነው። ሰልባትዮ ጠግቤያለሁ ብሎ ፈረደብኝ።»

«ስንቴ ጠየቃችሁት?»

«አንዴ።»

አይጥ ሳቀች። «አንዴ! አንዴ ጠይቆ ማዕድ የሚያነሳ ምን ያለ ባለቤት ነው? 'በሞቴ' የት ሄደ? 'አፈር ስሆን' የት ሄደ? ችኮላ እኮ በረሃብ ያስገድላል። እኔስ ይህን ስለማውቅ ሳልጠየቅ ነው የምበላው።»

ካንዴላ ያለችው ከሰልባትዮ ራስ በላይ ነበርና አጎንብሳ ጠራችው።

«አባባ ሰልባትዮ፣ በልተዋል?»

«ጠግቤያለሁ ልጄ፣ ተመስገን።»

«በሞቴ?»

«ኧረ በጭራሽ! አሁን ነው ከማዕድ የተነሳሁት።»

«አፈር ስሆን፣ አባባ! እውነቱን!»

 ከሰልባትዮ ሆድ ውስጥ ነፋስ አጉረመረመ። ከዚያ በለሆሳስ፣ «ካለፈው ጥምቀት ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም» አለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ሁለተኛ ጠየቀኝ?»

«ጌጅስ ግማሽ ነው እያለ?»

«እሱ ምን ያድርግ! ዱሮ አንድ ቀን እውነቱን 'ባዶ ነው' ቢል፣ ጌታችን 'ይህ ደግሞ ተበላሸ' ብለው በጡጫ ነረቱት። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ላይ እንደቆመ ቀረ። ግማሽ ስትይ ማንም አይመታሽም።»

ካንዴላ ደስታ ነካት። ተመልሳ ተተከለች፤ ቀዮም እንደ ልማዷ አልነሳም አለች፤ ካንዴላ ግን ቀትርን በጉጉት ጠበቀች። ስብሰባው እንደተከፈተ፣ «ባዶ ነው! ሰልባትዮ ራሱ ነግሮኛል!» ብላ ጮኸች።

ዕቃው ሁሉ ተንጫጫ። የጌጅ ቀስት ትንሽ ነቅነቅ አለች፤ ወዲያው ግን ግማሽ ላይ ረጋች።

«ሰልባትዮ» አለ ጌጅ፣ «እዚህ በጉባኤው ፊት ተናገር። በልተሃል?»

ሰልባትዮ ቀና ብሎ ቢያይ ባትሪ ያየዋል፣ ቦቢና ያየዋል፣ ጎማዎቹ ከታች ያንጋጥጡታል። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ራበኝ ይባላል?

«ጠግቤያለሁ» አለ። «ኧረ ምን ጎድሎብኝ!»

«በሞቴ!» አለች ካንዴላ።

«ሥርዓት!» አለ ጌጅ። «በስብሰባ ላይ በሞቴ አይባልም! ካንዴላ በአድማና በሐሜት ጥፋተኛ ናት። ከቦታዋ ትነሳ።»

ተነሳች። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ በሠርጉ ዋዜማ፣ ጋሽ ይርጋ በአንድ እጃቸው የምታብረቀርቅ አዲስ ካንዴላ፣ በሌላው ጥቂት ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ቤንዚኑ ለማጠቢያ ነው። አሮጌዋን ፈትተው ሊወረውሯት አሉና፣ ዕቃ መጣል ስለማይሆንላቸው ከኮታቸው ኪስ ከተቷት። አዲሷን ተከሉ። ሦስቱን የተሸሸጉ እህቶች ዛሬም አልነኩም። የሞተሩን እድፍ በቤንዚኑ አጠቡ፤ የተረፈውንም ቤንዚን፣ «መሬት ላይ አይደፋ» ብለው፣ ግማሽ የሞላው ሰልባትዮ እንዳይፈስባቸው እየተጠነቀቁ፣ ቀስ አድርገው ወደ ሆዱ አንቆረቆሩት።

ቁልፉን አዞሩ። «እህ… እህ… እህ… ዝዝዝም!»

ቀዮ ተነሳች! ድንኳን ተካዮቹ አጨበጨቡ። እትዬ በለጡ እልል አሉ። ጋሽ ይርጋ፣ «አላልኩም? ካንዴላዋ ናት!» አሉ። ጌጅም፣ «ግማሽ ነው አላልኩም?» አለ። አዲሷ ካንዴላ ገና በመጣችበት ቀን ስትመሰገን፣ ነገሩ የእሷ ሥራ መሰላት። አሮጌዋ ከኪስ ጨለማ ሆና፣ «ቤንዚኑ ነው! ቤንዚኑ ነው!» ብትል ሲጥ ሲጥ ብቻ ሆነ።

በማግሥቱ ምንታምር ቬሎዋን ሰብስባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ቀዮ በአበባ ተሸፍና ከበሩ ወጣች። ከኋላ አጃቢው በየመኪናው ሆኖ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ጋሽ ይርጋ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ሲነዱ ባቡር የመለሱላቸው ይመስላሉ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ቀዮ፣ «እህ…» አለች። ቆመች።

«አባዬ፣ ቤንዚን አላት?» አለች ምንታምር።

«ግማሽ አለ! አይታይሽም?» ብለው ጌጅን አሳዩዋት። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱት። አዲሷን ካንዴላ ፈቷት፤ እያገላበጡ አዩዋት።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች አዲሷ።

«ምንም፣ እህቴ» አለች አሮጌዋ ከኪስ። «እጃቸው ስር ተገኘሽ።»

«የዛሬ ዕቃ!» አሉ ጋሽ ይርጋ። «ዕቃስ የዱሮ ነበር!» ኪሳቸውን ዳብሰው አሮጌዋን አወጡ፤ ከቦታዋ መልሰው ተከሏት።

እትዬ በለጡ ከኋላው መኪና አንገታቸውን አውጥተው፣ «ይርጋ! ቁራሌውን እዚህ ልጥራልህ ወይስ እናድርስለት?» ሲሉ ተጣሩ። ሙሽራይቱ ሰዓቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ ቬሎዋን ሰበሰበችና ባጃጅ አስቁማ ሄደች። አጃቢው ጥሩምባውን እየነፋ ባጃጇን ተከተላት።

ካንዴላ የተመኘችው ቦታ ተመለሰላት። ባትሪ ይጮኻል፣ እሷ ብልጭ ትላለች፤ የሚነድ የለም። እንደ ጥንቱ ደረቀች። የቀራትን አቅም ሰብስባ ወደ ኋላ ተጣራች፦

«አባባ ሰልባትዮ! በሞቴ! አፈር ስሆን! በልተዋል?»

«ዝም በይ ልጄ» አለ ሰልባትዮ፣ «መንገደኛው ሁሉ እያየን ነው። ጠግቤያለሁ።»

ባዶው አፍሮ ዝም ካለ፣ የሚፈታው እጅ ስር ያለ።

አደራ፣ ይህን ተረት ማንም ለማንም እንዳይደግመው፤ በተለይ ስብሰባ ላይ። ማን አወራው ተብሎ ፍለጋ ቢጀመር የሚያዘው ያወራው አይደለም፤ በቅርብ የተቀመጠው ነው።