ቅሬታ ያልመጣበት መስመር

አንድ የሆስፒታል የስልክ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ስሙ ዘውገ ይባላል። እሱ የሚጠብቀው መሣሪያ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ጥሪ ተቀብሎ ወደሚገባው ክፍል ያደርሳል። አምቡላንስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከታዘዘ ደግሞ የእያንዳንዱን ጥሪ ዱካ ያሳያል፤ ከየት እንደ ተነሣ፣ በየት እንዳለፈ፣ የት እንደ ቀረ። ነገር ግን ዱካ መከተል መሣሪያውን ያዘገየዋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ የክፍሉ ልማድ ሰው ደውሎ ቅሬታ ሲያሰማ ብቻ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያም ወዲያው መዝጋት ነበር።

የአምቡላንስ ክፍሉ ወደ አዲሱ ሕንፃ ከተዛወረ በኋላ፣ አብራው የምትሠራውን ስንዱን አንድ ነገር አሳሰባት።

«ጋሼ ዘውገ፣ ከወንዝ ማዶ የአምቡላንስ ጥሪ ከመጣ ቆየ። ዱካውን ከፍተን ብናይስ?»

«ቅሬታ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ሰዉ ጤና ሰነበተ ብለሽ አታመሰግኚም?»

«የማዶ ሴት መውለድ አቆመች ማለት ነው?»

«አንቺ ደግሞ ሳያሳክክሽ ታኪያለሽ» አላትና ሳቀ። ኃላፊው እሱ ነውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት የማዶ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በሆስፒታሉ በር ገቡ። በምጥ የተያዘችው ሴት መንገድ ላይ ሞታለች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ባሏ በላቸው አስከሬኑን ለጎረቤቶቹ ትቶ፣ የስልክ ክፍሉን እየጠየቀ መጣ። አልጮኸም።

«ምጡ ሲጀምራት ደወልሁ። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። አሁን ያነሣሉ፣ አሁን ያነሣሉ እያልሁ ስጠብቅ መሸብን። ባይጠራ ኖሮ ቃሬዛውን ቀደም ብለን እናነሣው ነበር።»

ዘውገ ደነገጠ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን ቀደም ብላችሁ ቅሬታ አላሰማችሁም?»

«በምን እናሰማ? የምናውቀው ቁጥር ይኸው አንዱ ነው። ጎረቤቴም ደውሎ ሳይነሣለት አባቱን ቀበረ። እኛማ ሰው በዝቶባችሁ ነው ብለን ተውነው።»

ስንዱ ማንንም ሳትጠይቅ የጥሪ መከታተያውን ከፈተች። ማዶ ያለውን የበላቸውን ወንድም አስደወለች። ጥሪው በደኅና ገባ፣ በደኅና አለፈ፤ ከዚያም ወደ አሮጌው የአምቡላንስ ክፍል ሄደ። ሦስቱም ወደዚያ ሄዱ። በሩ ተቆልፏል። ከበሩ ጀርባ ስልኩ ይጮኻል። ክፍሉ ሲዛወር የከተማው መስመር አቅጣጫ ተቀይሮ፣ የማዶው ተረስቶ ነበር።

ስንዱ ተመልሳ አስተካከለችው። ጊዜ አልወሰደባትም። በላቸው ቆሞ ሲያያት ቆየና፣ «ይኸው ነው?» አለ።



ወገኖቼ፣ ቅሬታ የሚያሰማው ድምፁ የሚደርስለት ሰው ነው። ድምፁ የማይደርስለት ሰው ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ በሆስፒታል ብቻ አይደለም፤ በቤታችንም፣ በዕድራችንም፣ በመሥሪያ ቤታችንም አለ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ኃላፊነት ያለባችሁ ሁሉ፣ ዝምታን እንደ ሰላም አትቁጠሩት። ሥራ ቢዘገይም ይዘግይ፤ ሳትጠሩ ሂዱና እዩ። የሚስተካከለው ነገር ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሞተ ግን አይመለስም።

እናንተስ፣ ድምፁን ሳትሰሙ የቆያችሁት ሰው ማን ነው? ዝም ያለው ደኅና ሆኖ መሆኑንስ በምን አወቃችሁ?