የልብስ ሰፊው መንጋጋ

የተጎዳ መንጋጋ የሚጠግን አንድ ሐኪም ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ትዕግሥት ግን አልታደለም። አንድ ቀን ሰብስቤ የሚባል ልብስ ሰፊ የታችኛው መንጋጋው በዕጢ አብጦ መጣ። ዕጢው አጥንቱን እየበላው ስለነበር ሳይውል ሳያድር ተቆርጦ መውጣት ነበረበት፤ ካልወጣ ሰውየው ማኘክም መናገርም ያቅተዋል፣ ቆይቶም ሕይወቱን ያጣል።

ሐኪሙ መላ አላጣም። ሰብስቤን ሲቲ ስካን አስነሣውና የመንጋጋውን ምስል ኮምፒውተር ላይ አድርጎ የት እንደሚቆረጥ ምልክት አደረገበት። ከጉልበቱ በታች ካለው ቀጭን አጥንት ቁራጭ ከነቆዳውና ከነደም ሥሩ ተወስዶ እንዴት አዲስ መንጋጋ እንደሚሆንም አሰላ። በመጨረሻ መጋዙ የሚያልፍበትን መስመር የሚያሳይ የፕላስቲክ ልክ አሠራ። "ሰኞ እንገባለን" አለ።

ሰኞ ግን ዘመድ ተሰበሰበ።

"በመንጋጋው ታሞ በእግሩ ሊያነክስ ነው?" አለ የአጎቱ ልጅ። አክስቱ ደግሞ "የእሱ አይነካ፤ የእኔን እግር ውሰዱ!" ብለው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። ሐኪሙ "እማማ፣ የሌላ ሰው አይሆንም፤ ሰውነቱ አይቀበለውም" ቢላቸው ተቀየሙት። ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ከጅማ ሳይመጣ ፊርማ የለም ተባለ። ወንድምየው ሲመጣ ጾም ገባ፤ ጾሙ ሲፈታ ሰርግ ተደገሰ። ሐኪሙ በገነ። "መንጋጋው የማን ነው? የሰውየው ነው ወይስ የዕድሩ?" እያለ ብቻውን ያወራ ጀመር።

በአራተኛው ወር ዘመድ ተስማማ። ሐኪሙ የፕላስቲኩን ልክ ከመሳቢያው መዥርጦ አወጣና "በሉ፣ ነገ! ከእንግዲህ አንዲት ቀን አልጠብቅም!" አለ።

ሰብስቤ እስከዚያ ድረስ ዘመድ ሲናገርለት ነበር የከረመው። አሁን ግን እጁን አነሣ። አፉ እየተሳሰረ "ዶክተር፣ ይሄ ልክ የመቼ ነው?" አለ።

"የዛሬ አራት ወር የወጣ ነው።"

"እኔ ደንበኛዬ ተለክቶ አራት ወር ጠፍቶ ቢመጣ፣ ዳግመኛ ሳልለካው ጨርቁን አልቆርጥም። ያውም ጨርቅ ነው፤ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል።"

ሐኪሙ ሊቆጣ ፈለገና ልኩን አገላብጦ አየው። እያጉረመረመ ሲቲ ስካኑ እንደገና እንዲነሣ አዘዘ። ዕጢው ከድሮው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፎ ሄዷል። በዚያ ልክ ቆርጦት ቢሆን ኖሮ ዕጢውን አጥንቱ ውስጥ ትቶ አዲሱን መንጋጋ ይገጥምበት ነበር። ሐኪሙ በጣም አፈረ።

አዲስ ልክ ወጣ፤ ቀዶ ሕክምናውም ተሳካ። ከወራት በኋላ ሰብስቤ ትንሽ እያነከሰ፣ ነጭ ጨርቅና ሜትር ይዞ መጣ። "ጋዋን ልሰፋልዎት ነው" አለ ጥርት ባለ አማርኛ፤ "በመጀመሪያ ግን ቆም ይበሉና ልለካዎት።"

ዘመዶቹ ጊዜ አጥፍተዋል፤ ይህ ማንም የሚያየው ጥፋት ነው። ሐኪሙ ግን በእነሱ ሲናደድ ያ የባከነ ጊዜ የራሱንም ሥራ እንዳስረጀበት አላየም። በሰው ጥፋት ስንበግን የራሳችንን ማየት ይሳነናል። እናንተስ፣ በንዴት ተነሥታችሁ ዳግመኛ ሳትለኩ ልትቆርጡት ያላችሁት ነገር ምንድን ነው?