የጣሳዋ ጫጩት

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። አንዲት ዶሮ ነበረች። ጭልፊት ጫጩቶቿን ነጥቆ ነጥቆ አንዲት ብቻ አስቀረላት። «ይቺን እንኳ አልሰጥም!» አለችና የጓሮው ቆሻሻ ክምር ላይ ወጣች። ከተጣለ ቢጫ ጣሳ ገላ፣ ከኮርኪ ዓይን፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ክንፍ እያበጀች ጫጩት ትሠራ ጀመር።

አውራ ዶሮው ሳቀባት። «አንቺ ሴት፣ ከቆሻሻ ልጅ ይወለዳል?»

«ዝም ብለህ እይ» አለችውና መንቆሯ እስኪደማ ሠራች። ሥራዋን ሜዳ ላይ አቁማ ልጇን ክንፏ ሥር ሸሸገች።

ጭልፊቱ ቁልቁል ተወርውሮ የጣሳዋን ጫጩት ቢነክስ መንቆሩ ተሰነጠቀ። እየጮኸ ሄደ፤ ዳግም አልመጣም።

በማግስቱ ዶሮዋ ሌላ የጣሳ ጫጩት ልትሠራ ክምሩን ስትጭር ልጇ፣ «እማዬ፣ ጭልፊቱ ሄዷል፤ አሁን ለምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት።

«አሁንማ እንዲያምር ብዬ ነው።»

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፣ እናንተ ዳቦዬን አምጡ።